«ፋይል አልተገኘም» — ማን ፈልጎ?

የኮምፒዩተር መልእክት ደግሞ ምን ሥነ ጽሑፍ አለው የሚለን ጓደኛ አይጠፋም። ተማሪው ከልብ ወለድ ይልቅ አዘውትሮ የሚያነበው የስክሪን ጽሑፍ እስከሆነ ድረስ ግን ሂስ ሊቀርብበት ይገባል እንላለን።

በመጀመሪያ ፍርድ እንዳናዛባ፣ አጭርነቱን አንነቅፍም። በ1981 እ.ኤ.አ. የወጣው የአይ.ቢ.ኤም. ፒሲ መነሻ ሜሞሪው 16 ኪሎባይት ብቻ ነበር፤ የጽሑፍ ስክሪኑም ቢበዛ 80 ፊደል በ25 መስመር ነው የሚይዘው። በዚህ ጥበት «ዘ» እና «ኢዝ» ቢቀሩ አያስደንቅም። በቃል ይከፈልበት የነበረው ቴሌግራምም ይህንኑ ያደርግ ነበር። «ፋይል ኖት ፋውንድ» ሲባል አንባቢው የጎደለውን ራሱ ሞልቶ ያነበዋል።

ቅር ያለን ሌላ ነው። ከተቀነሱት ቃላት ጋር አድራጊውም አብሮ ተሰናብቷል። ፋይሉ አልተገኘም፤ እሺ፣ ማን ፈልጎ?

ኤም.ኤስ.ዶስ የማያውቀው ትእዛዝ ሲጻፍለት «ባድ ኮማንድ ኦር ፋይል ኔም» ይል ነበር። ያልገባው ማሽኑ፣ መጥፎ የተባለው ግን ትእዛዙ! ከእሱ በኋላ የመጣው ዊንዶውስ ኤን.ቲ. ይህን ትቶ «ኢዝ ኖት ሪኮግናይዝድ» የሚል ረጅምና ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይዞ መጣ። ስድቡ ቀረ፤ የማያውቀው ማን እንደሆነ ግን አሁንም አልተነገረንም። እንግዲህ ችግሩ የርዝመት አይደለም ማለት ነው።

«አቦርት፣ ሪትራይ፣ ፌይል?» የሚለውን ደግሞ እንይ። ዶስ ዲስኩን ማንበብ ሲያቅተው ሦስት ግሥ ደርድሮ ምረጡ ይላል። «አቋርጥ» እና «እንደገና ሞክር» ይሁኑ፤ «ፌይል» ግን ምንድነው? እኛ ተማሪዎች የምናውቀው «ፌይል» የፈተና ውጤት ነው እንጂ ተመርጦ የሚወሰድ ነገር አይደለም እኮ! ጸሐፊው ሊል የፈለገው «ንባቡ እንዳልተሳካ ለፕሮግራሙ ንገረውና እሱ ይወስን» ነው። ይህን ለሚያውቅ የሥራ ባልደረባው ጻፈው እንጂ ለአንባቢ አልጻፈውም።

ዛሬ ስልኩም ኮምፒዩተሩም አማርኛ ለምዷል። ስለዚህ ነገሩ የባዕድ ቋንቋ ነቀፋ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ተርጓሚዎቹ ነገ ከመካከላችን የሚወጡ ናቸውና። እንግሊዝኛው «ፕሬስ» ብሎ ያልፋል። አማርኛ ግን ተጫን፣ ተጫኚ፣ ይጫኑ ከሚሉት አንዱን ሳይመርጥ አያልፍም። «ተጫን» ብቻ ብሎ የሚጽፍ ሴት አንባቢዎቹን ዘለለ ማለት ነው። በሌላ በኩል ዶስ አንድና ብዙን መለየት አቅቶት «1 ፋይል» ከሚለው ኋላ የብዙ ቁጥሯን «ኤስ» በቅንፍ አስሮ ይጎትት ነበር። አማርኛ «1 ፋይል ተቀድቷል»፣ «5 ፋይል ተቀድቷል» ቢል ማንም አይስቅበትም። ቅንፉን ከነጣጣው መተርጎም ምን አመጣው?

ከሁሉ በላይ አማርኛ ግሡ ባለቤቱን በሆዱ ይዞ ይዞራል። «አልተገኘም» ስድስት ፊደል ነው፤ «አላገኘሁም»ም ስድስት ፊደል ነው። አንዱ አድራጊውን ይደብቃል፤ ሌላው «የፈለግሁት እኔ ነኝ፣ ያጣሁትም እኔ ነኝ» ብሎ ኃላፊነቱን ይወስዳል። የቦታ ጥበት ለእንግሊዝኛው ሰበብ ሊሆን ይችላል፤ ለእኛ ግን ሊሆን አይችልም።