ጌታ የማይቆጣበት ጨዋታ

ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ አንዱ እየተረከ፣ ሌሎቹ ተዋጊ፣ መነኩሴ ወይም ሽፍታ ሆነው ዕጣቸውን የሚወስኑበት የምናብ ጨዋታ አሜሪካ ውስጥ «ዳንጅንስ ኤንድ ድራገንስ» ከታተመበት ከ1974 እ.ኤ.አ. ወዲህ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል። ከሙያው አንዱ ክፍል ለተፈጠረው ዓለም ስፖርትና ቁማር መፍጠር ነው። ጀማሪ አብዛኛውን ጊዜ ከሜዳው ስፋት፣ ከተጫዋቹ ቁጥርና ከነጥብ አቆጣጠሩ ይነሣል። እኔ ግን አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው እላለሁ፦ በሌላ ቀን የማይደፈር ምን ነገር በዚያ ጨዋታ ሰዓት ይፈቀዳል? ሕጉ ከዚያ በኋላ ይመጣል፤ ጥቂትም ቢሆን ይበቃል።

ለዚህ ከገና ጨዋታ የተሻለ ማስረጃ የለም። በባህላዊው አጨዋወት የሜዳው ልክም ሆነ የተጫዋቹ ቁጥር እንደ መንደሩ ነው፤ ሁለት ወገን ጫፉ በቆለመመ ዱላ ኳሷን (ጥንጓን) እየለጋ ወደ ባላጋራው ወሰን ይገፋል፤ ሕጉ ከዚህ ብዙም አያልፍም። ክብደቱን ያገኘው ሎሌ ከጌታው ጋር ተሰልፎ ይጋፋ ስለነበር፣ ያሸነፈውም ተሸናፊውን በግጥም ስለሚሰድብ ነው፤ ጌታም በዚያ ቀን እንዳይቆጣ ልማድ ይዞት ነበር። ተራኪ ይህን ፈቃድ ካገኘ ታሪክ አገኘ፦ ዓመቱን ሙሉ ቂም የቋጠረ ገበሬ የጭቃ ሹሙን ቅልጥም ሳይቀጣ የሚመታበት አንድ ከሰዓት በኋላ። ሕጉ ደካማ ሆኖም ጨዋታው መኖር እንደሚችል ደግሞ የሃሪ ፖተር ልብ ወለዶች የትምህርት ቤት ስፖርት ኩዊዲች ያሳያል። ጎል 10 ነጥብ፣ ወርቃማዋን ኳስ መያዝ 150 ነጥብ ስለሆነ የሌሎቹ ተጫዋቾች ልፋት ከንቱ ይቀራል እየተባለ ሲተች ኖሯል፤ ትችቱም ትክክል ነው። አንባቢ ግን ነጥቡን ሳይሆን በትምህርት ቤቱ ቤቶች መካከል ያለውን ፉክክር ስለሚከተል ልቡ ይሰቀላል።

ሁለተኛው መነሻ መሬቱ ነው። ጣና ሐይቅ ዳር ያለውን የፎገራን ሜዳ እናስብ። በክረምት ርብና ጉማራ ወንዞች ሞልተው ሜዳው ላይ ይተኛሉ፤ በጋ ሲገባ ውሃው ወደ ጣና ይሸሻል፣ ከ1970ዎቹ ወዲህ በአካባቢው የተስፋፋው ሩዝ ይታጨዳል፣ ከብቱም ቃርሚያው ላይ ይለቀቃል። ከወረታ ከተማ በስተሰሜን፣ አዲስ ዘመን ከተማ አጠገብ፣ ጣራ ገዳም አለ፤ ዙሪያው ባዶ ሲሆን ወይራውና ሌላው አገር በቀል ዛፍ በገዳሙ ጥላ ሥር ተርፏል። እነዚህን ወደ ምናብ ዓለም የሚያሻግር ሰው የጨዋታውን ቀን በቀን መቁጠሪያ አይወስን፤ ውሃው ሸሽቶ መሬቱ እግር መሸከም ሲጀምር ይሁን። ጎርፉ የወሰን ድንጋዩን ስለሸፈነው፣ ጥንጓ የቆመችበት ቦታ የዓመቱ የግጦሽ ድንበር ይሁን። ጥሩ ዱላ የሚገኘው መጥረቢያ በማይገባበት የገዳም ደን ብቻ ይሁን። እንግዲህ ገጸ ባሕርያቱ ገና ሜዳ ሳይወርዱ ሥራ አላቸው፦ አበምኔቱን ማን ይለምናል? በሌሊት ዛፍ የሚቆርጥስ ማን ነው?

ቁማርን በተመለከተ ጠንካራ ተቃውሞ አለ። ከተሞቻችን ውስጥ የስፖርት ውርርድ ቤቶች የወጣቱን ኪስ ሲያራቁቱ ካየን በኋላ በምናብ ዓለምስ ቁማር ለምን እናስጌጣለን? ጭንቀቱን እጋራለሁ፤ ብር በብር የሚበላበትን ጨዋታ መቅዳት ለታሪኩም ስስት እንጂ ሌላ አይጨምርም። የቀድሞው የፍርድ ሙግታችን የተሻለ ናሙና ይሰጣል። ተሟጋቾች በዳኛ ፊት በማር፣ በፈረስ፣ በበቅሎ ይወራረዱ ነበር፤ የተረታው የከፈለው ግን ወደ ዳኛው እንጂ ወደ ረቺው አይሄድም። እንዲህ ያለ ውርርድ ማንንም ተወራራጅ አያበለጽግም፤ ሰው በቃሉ ምን ያህል እንደሚተማመን በአደባባይ ያስለካል። በዳኛው በኩል ደግሞ ክርክሩ እንዲጋጋል የሚያጓጓ ጥቅም ይፈጥራል። ከዚህ የበለጠ ለሴራ የሚመች ቁማር ለመፍጠር ብዙ መድከም ያስፈልጋል።

«ተጫዋቾቼ ጨዋታውን መስማት ሳይሆን መጫወት ይፈልጋሉ» የሚል ተራኪም ይኖራል። እውነቱን ነው፤ ትረካ ብቻውን ጣት አያሟሙቅም። መልሱ ግን ሃያ ገጽ ደንብ ሳይሆን ስሜቱን የሚሸከም አንድ ደንብ ነው። በባህላዊው የቼዝ ጨዋታችን በሰንጠረዥ መክፈቻው ወረራ ነበር፦ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ ስላልነበረ ሁለቱም በፈለጉት ፍጥነት ያሰልፉ ነበር። ይህን ለሜዳው ጨዋታ መዋስ ይቻላል። የመጀመሪያው ዱላ እስኪያርፍ ሁሉም ባንድ ጊዜ ይናገር፣ ቦታ ይያዝ፣ ይደናበር፤ ከዚያ በኋላ ተራ ይጀመርና ዳይስ ይጣል። ሰንጠረዥ ሌላም ትምህርት አለው፦ ንጉሡን በኃያል ጠጠር ማሰር ክብሩ አነስተኛ ሲሆን፣ በተራ ወታደር ያሰረ ግን ይደነቅ ነበር። ስለዚህ ጥንጓን በመጨረሻ የመታው የባላባቱ ልጅ ከሆነ ወገኑ ድንበሩን ያግኝ፤ እረኛው ከሆነ ግን ድንበሩን አግኝቶ አንድ ሰው በስሙ የመስደብ መብትም ይጨመርለት።