ቀዩ መስኮት ይበልጣል

ጅማ፣ ሂርማታ አካባቢ፣ መስታወት የሚቆርጡ አንድ ሽማግሌ አሉ። ከጅማ ወጣ ብላ ባለችው የቡ ከተማ ያለው ቤታችን መስኮት በተሰበረ ቁጥር ልኩን በሲባጎ ይዤ የምሄደው እሳቸው ዘንድ ነው። አልማዙን ናፍጣ ነካ ያደርጉና አንድ ጊዜ ብቻ ይስባሉ። ሁለተኛ አይደግሙም። ከዚያ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አስደግፈው በመዳፋቸው ጫን ሲያደርጉት «ቀጭ» ብሎ ይለያያል። አንድ ቀን ሥራ ፈትቼ ቆሜ ስመለከታቸው፣ «ጋሼ፣ ክብስ ይቆረጣል?» አልኳቸው። «ወደ ውጭ የጎበጠ ይቆረጣል» አሉኝ። «ወደ ውስጥ የጎበጠውን ግን መስታወት አይወደውም። እንደ ምንም ብትቆርጠው እንኳ ቂሙን ይዞ ይቆይና አንድ ቀን ይሰነጠቅብሃል።»

አዲስ አበባ ሄጄ የሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌን የመስታወት ሥዕሎች ስመለከት በጆሮዬ የነበረው ይኸው የሽማግሌው ንግግር ነው። ሥዕሎቹ ያሉበት የተባበሩት መንግሥታት አፍሪካ አዳራሽ ለዓመታት እድሳት ላይ ቆይቶ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ዳግም ተመርቋል። 57 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከወጣበት ከዚህ ሥራ ውስጥ ጎብኚ ሁሉ አንገቱን ቀና አድርጎ የሚያየው መግቢያው ላይ ያሉትን ሦስት መስኮቶች ነው። የሥዕሉ ስም «የአፍሪካ ፍጹም ነፃነት» ነው፤ ስፋቱ 150 ካሬ ሜትር። የቡ ያለው ቤታችን ከነማድቤቱ ሁለት ጊዜ ይገባበታል። ይህን ሲሠራ አፈወርቅ ሠላሳ ዓመት አልሞላውም ነበር። በ1925 ዓ.ም. አንኮበር ተወለደ፤ የማዕድን ምህንድስና ይማር ተብሎ እንግሊዝ ቢላክም ልቡ ወደ ሥዕል አዘነበለና ለንደን በሚገኘው የስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማረ። አዳራሹን የነደፈው ጣሊያናዊው አርክቴክት አርቱሮ ሜዜዲሚ ነው፤ የአዲስ አበባን ማዘጋጃ ቤትም የነደፈው እሱ ነው።

ስለዚህ ሥራ እስካሁን የተጻፈው በአብዛኛው ሙገሳ ነው። ሙገሳው አይበዛበትም፣ ይገባዋል። ነገር ግን ሦስቱንም መስኮቶች እኩል ማወደስ ሥራውን አለማየት ይመስለኛል። ከሦስቱ አንዱ ድንቅ ነው፣ አንዱ መልካም ነው፤ ትልቅ ቦታ የተሰጠው የመሐሉ ደግሞ ከሁሉም ይደክማል። ይህን ደፍሬ ለመናገር ያስቻለኝም እድሳቱ ነው።

የመስታወት ሥዕል ሸራ ላይ ከሚሳል ሥዕል በአንድ ነገር ይለያል፦ ቀለሙ ላዩ ላይ የተቀባ አይደለም፣ የመስታወቱ የራሱ ነው። መስታወቱ ገና ሲቀልጥ ኮባልት ከገባበት ሰማያዊ፣ መዳብ ወይም ወርቅ ከገባበት ቀይ ይሆናል። ሠዓሊው በሙሉ ልኩ ይነድፋል፣ ንድፉ እንደ ልብስ ቅድ ይቆራረጣል፣ መስታወቱም በቅዱ ልክ ይቆረጣል። ቁራጮቹ ግራና ቀኝ ቦይ ባለው የእርሳስ ዘንግ ይያያዛሉ፣ መገጣጠሚያው ይበየዳል፣ ክፍተቱ በስቱኮ ይደፈናል። የፊት ገጽታና የልብስ እጥፋት ሲያስፈልግ ከብረት ብናኝና ከተፈጨ መስታወት የተዘጋጀ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ፣ ከ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ እቶን ይጠበሳል። እንግዲህ ሠዓሊው እጅ ላይ ሦስት ነገር አለ፦ ብርሃን፣ የእርሳሱ ጥቁር መስመር፣ እና ያ የተጠበሰ ጥቁር ቀለም። ከሦስቱ መጀመሪያ የሚያታልለው የመጨረሻው ነው። ሠዓሊው እንደ ዘይት ቀለም ጥላ እያወጣ፣ ጡንቻ እያሳበጠ እንዲሄድ ይገፋፋዋል። ጥላ በጨመረ ቁጥር ግን ብርሃኑን ራሱ እየደፈነ ነው።

ቀዩ መስኮት የአፍሪካ ያለፈ ዘመን ነው። በሰንሰለት የታሰሩ ሰዎች፣ አህጉሪቱን የተሸከመ ጎባጣ ሕዝብ፣ የቅኝ ግዛት ምሳሌ የሆነው ዘንዶ፣ የሞት አጽም። ዝርዝሩን በወረቀት ላይ ለሚያነብ ሰው የፖለቲካ ፖስተር ይመስለዋል። ፊቱ ሲቆሙ ግን ሌላ ነው። ቀይ መስታወት አስቸጋሪ ፍጥረት ነው፤ ወፈር ካለ ብርሃን አያሳልፍምና ጥቁር ይመስላል። በዚህ የተነሳ የጥንት ባለሙያዎች ንጹሕ መስታወት ላይ ስስ የቀይ ልባስ ይደርቡ ነበር። አፈወርቅ ይህን የቀይ ጠባይ ለራሱ ጥቅም አውሎታል። ሰዎቹ ከጨለማው አልወጡም፣ ጨለማው ውስጥ ነው የሚነድዱት። እርሳሱም እዚህ ከማያያዣነት አልፎ ትርጉም ይዟል። የሰዎቹን አካል የሚከብበው ጥቁር መስመርና የታሰሩበት ሰንሰለት ዓይን ውስጥ ይደባለቃሉ፤ የቱ መስኮቱን እንዳይፈርስ እንደያዘ፣ የቱ ሰውየውን እንዳያመልጥ እንደያዘ ለመለየት ጊዜ ይወስዳል። እኔ ቆሜ ያየሁት ጠዋት ነበር። ደመና ሲያልፍ ቀዩ ከፍም ወደ ደም ወረደ፣ ፀሐይ ስትመለስ ተመልሶ ፋመ። ሸራ ይህን አያደርግም።

ደግሞ አንድ የቆየ ነገር እዚህ ውስጥ አለ። ብዙ የጎንደርና የጎጃም ቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች አካልን በጥቁር መስመር ከብበው ውስጡን በጠፍጣፋ ቀለም ይሞላሉ። ጥላ ብዙም አይወዱም፣ ርቀት አይወዱም። እነሱ በመስታወት ሠርተው አያውቁም፤ የሳሉት በጭላንጭል በሚታይ የመቅደስ ግድግዳ ላይ ነው። የእርሳስ መስመር የሚፈልገው ግን ልክ እንደነሱ ያለ እጅ ነው። አፈወርቅ ቀዩን ሲሠራ የለንደኑን ትምህርት ለጊዜው ወደ ጎን አድርጎ የአንኮበር ልጅ የሆነ ይመስለኛል። ባይሆንም መስታወቱ አስገድዶታል።

አረንጓዴው መስኮት ትግሉን ያሳያል፤ ወጣቱ ከዘንዶው ጋር ይተናነቃል። ጥሩ ነው፣ እንቅስቃሴ አለው፤ ቅዱስ ጊዮርጊስን ያየ ኢትዮጵያዊ ደግሞ ታሪኩን ለመረዳት አስጎብኚ አይፈልግም። ክፋቱም ይኸው ነው፤ መጨረሻውን አስቀድመን እናውቀዋለን።

ወደ ቢጫው እንምጣ። መጪው ዘመን መሐል ላይ ቆሟል። ችቦ የያዘ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ከፊት፣ የየአገራቸውን ልብስ የለበሱ አፍሪካውያን ከኋላ፣ የተባበሩት መንግሥታትን ዓርማ የያዘ የብረት ልብስ የለበሰ ፈረሰኛ ባላባት። ሦስቱ ቀለማት ሲደመሩ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ከሚገባው በላይ ግልጽ ነው። ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ያያል፣ ሁሉም ለፎቶ የተሰለፈ ይመስላል። ፊቶቹ ላይ የተጠበሰው ጥቁር ቀለም በዝቷል። ጉንጭ ይከበብ፣ አፍንጫ ይውጣ ተብሎ የተደከመበት ቦታ ሁሉ ብርሃኑን ወስዶበታል። ከመስኮቶቹ ሁሉ ብሩህ ሊሆን የሚገባው ቢጫ ነበር፤ ቅርብ ሆኖ ለሚያየው ግን ፊቶቹ ከቀዩ ሰንሰለተኞች ይልቅ ጠቁረዋል። መስታወት የማይወደውን ታዝዞ ሲሠራ ቂሙን እዚህ ጋ አየሁት።

የብረት ልብሱ ባላባት ብዙ ሰው ያሾፍበታል። «ፍጹም ነፃነት» በተባለ ሥዕል ውስጥ አዳኙ ከአውሮፓ ተረት የመጣ ፈረሰኛ መሆኑ አይገርምም? ይገርማል። ግን የጊዜውን ነገር ማስታወስ ደግ ነው። በኮሪያ በተባበሩት መንግሥታት ባንዲራ ሥር የኢትዮጵያው ቃኘው ሻለቃ ተዋግቷል፣ ኮንጎም በዚያው ባንዲራ ሥር የኢትዮጵያ ጦር ዘምቶ ነበር። ስለዚህ የብረቱ ልብስ ውስጥ ያለው ሰው የግድ ፈረንጅ ላይሆን ይችላል። ባላባቱን ከሥዕልነቱ ይልቅ የሚከብደው ቀኑ ነው። አዳራሹ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የተመረቀው ጥር 29 ቀን 1953 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በታኅሣሥ ወር እዚያው ከተማ ውስጥ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ተደርጎ ደም ፈስሷል። የኮንጎው መሪ ፓትሪስ ሉሙምባ የተገደለው ጥር 9 ቀን ነው፣ ከምረቃው 20 ቀን ቀድሞ። ሞቱ ለዓለም የተነገረው ደግሞ ከምረቃው ሳምንት በኋላ። እንግዶቹ የተባበሩት መንግሥታትን ባላባት ሽቅብ እያዩ ሲያጨበጭቡ ሉሙምባ አልነበረም፤ አብዛኞቹም ይህን አያውቁም ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም.፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር የተፈረመው በዚሁ አዳራሽ ነው። ቢጫው መስኮት እንደ ሥዕል ቢደክምም እንደ ሰነድ ልብ ያስቆማል። ያን ዓመት ተስፋ ማድረግ ምን ያህል ድፍረት ይጠይቅ እንደነበር ያሳያል።

እድሳቱን በተመለከተ ተቃውሞ የለኝም ማለት ይቻላል። የመስታወት መስኮት ጠላቱ ጊዜ ብቻ አይደለም። እርሳስ ለስላሳ ስለሆነ በራሱ ክብደት ይወርዳል፣ መስኮቱ ሆዱ ይነፋል፣ ስቱኮው ደርቆ ይረግፋል፣ ጭስና አቧራ ይጋገርበታል። የዛሬ አዳሽ ሕግ ብሎ የያዘው ነገር አጭር ነው፤ የመጀመሪያውን መስታወት በተቻለ መጠን አትቀይር፣ የምትጨምረው ነገር ነገ ሌላ ሰው ሊያነሳው የሚችል ይሁን። ባለሙያው እያንዳንዱን ቁራጭ ቁጥር ሰጥቶ ይመዘግባል፣ ቆሻሻውን በለስላሳ ብሩሽ ያነሳል፣ የተጠበሰው ቀለም ላልቶ ከሆነ አይነካውም። ከልክ በላይ የሚያጥብ እጅ አቧራውን ከነፊቱ ይዞት ይሄዳል። አፍሪካ አዳራሽ ላይ ይህ አልደረሰም፤ ብርሃኑ ተመልሷል፣ መስመሩም አልሳሳም። የቢጫው ድካም ቀድሞ በአቧራ ተሸፍኖ ይሆናል፣ አሁን ግን መሸሸጊያ የለውም። ይህም የአዳሾቹ ጥፋት አይደለም።

የሚያስደንቀው ግን ሥራው የተመለሰበት እጅ ነው። መስኮቶቹን ያኔ ያበጀው ፈረንሳይ፣ ቫላንስ ከተማ ያለ የአንድ ቤተሰብ የመስታወት መሥሪያ ነው። አሁን ያደሰው የዚያው ባለሙያ የልጅ ልጅ ኢማኑኤል ቶማስ ነው። አያት ሠርቶ የልጅ ልጅ ሲጠግን፣ ሙያው ቤት ውስጥ ስለቀረ፣ ደስ ይላል። ደስታዬ ውስጥ ግን ቅናት አለ። እኛ ዘንድ ስድሳ ዓመት ሙሉ ያንን መስኮት እያየ ያደገ ልጅ አልማዝና እርሳስ አንስቶ የሙያው ወራሽ የሚሆንበት ቤት እኔ እስከማውቀው አልተከፈተም። አፈወርቅ ራሱ ሌሎችም የመስታወት ሥዕሎች ሠርቷል። ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ሄዶ በመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ የተሞሉትን መስኮቶች አንጋጦ ያላየ አዲስ አበቤ ጥቂት ነው። ማየቱ ሞልቶናል፣ መቁረጡ ነው የጎደለን።

ስም የመጥራት ነገርም አለ። እኛ «አፈወርቅ ሠራው» እንላለን፣ ቆራጩን አንጠራም። ማርክ ሻጋል ለኢየሩሳሌሙ የሀዳሳ ሆስፒታል የነደፋቸው አሥራ ሁለት መስኮቶች ሲነሱ፣ የተመረቁት አፍሪካ አዳራሽ በተመረቀ በዓመቱ ነው፣ የሬምሱ የመስታወት ባለሙያ ሻርል ማርክ ስም ከሠዓሊው ጋር አብሮ ይጠራል። ሻጋል ያለ እርሳስ መለያ አንዱን ቀለም ከሌላው እንዲያዋህድ መስታወቱን ያዘጋጀለት እሱ ስለሆነ። ይህ ለየቡ ሰው አዲስ አይደለም። የእኛ ቡና ከጓሮ ተለቅሞ፣ ተሰጥቶ፣ ተፈልፍሎ ሲወጣ ጆንያው ላይ «ጅማ» ተብሎ ይጻፋል። የቡ የሚል የለም። ቡናው ግን ያው ቡና ነው፣ ቅር አይለንም ብዬ ልዋሽ አልችልም።

ከአዲስ አበባ ስመለስ በስልኬ ያነሳሁትን ፎቶ ለሽማግሌው አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው፣ ስልኩን አርቀው ያዙት። ቀዩ ላይ ብዙ ቆዩ። ስለ አፍሪካ ምንም አላሉም። ጣታቸውን የአንዱ ሰንሰለተኛ ብብት ሥር አድርገው፣ «እዚህ ጋ ወደ ውስጥ ሊቆርጠው ይችል ነበር፤ ለሁለት ከፍሎ በእርሳስ ሰፋው። ሰውየው ያውቃል» አሉ። ቢጫውን ገረፍ አድርገው አሳለፉት።

ከዚያ ስልኩን መለሱልኝና «ዝናቡ የሚመታው በየትኛው ወገን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። አላየሁም ነበር። «ያንን ሳታይ ምኑን አየኸው?» አሉና የኔን መስኮት ልክ በሲባጎው ላይ መለካት ጀመሩ። ሁለት ጣት አሳጥሬ ነበር የመጣሁት።