የክርስትና ስም

ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ሲነሡ ካህኑ ሌላ ስም ያወጡላቸዋል። መታወቂያ ላይ አይሰፍርም፣ ጎረቤትም አይጠራበትም፤ ለጸሎት፣ ለቁርባንና ለፍትሐት የተቀመጠ ስም ነው። ይህን ልማድ እጅግ እወደዋለሁ። ሰው ለዓለም የማይሰጠው፣ በእግዚአብሔር ፊት ብቻ የሚጠራበት ስም አለው ማለት ነውና።

ከሁሉ የሚማርከኝ የግእዙ አገጣጠም ነው። «ገብረ» ማለት የእገሌ አገልጋይ ነው፤ ብቻውን አይቆምም። የመጨረሻው ድምፅ ክፍት ሆኖ «የማን?» እያለ ይጠብቃል፤ ሚካኤል ወይም ሥላሴ ሲከተለው ያርፋል። «ወለተ» የእገሌ ልጅ ናት፤ በግእዝ አነባበብ «ተ»ዋ ትጠብቃለች። አላልቶ የሚያነባት ሰው ግርማዋን ይወስድባታል። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የካቶሊክን እምነት አልቀበልም ብላ የታገለችውን ቅድስት ወለተ ጴጥሮስን ስንጠራ እንኳ ይህን ጥብቀት ብንጠነቀቅለት ደስ ይለኛል።

እቴጌ ጣይቱ በክርስትና ስማቸው ወለተ ሚካኤል ነበሩ። የንግሥት ዘውዲቱ ግን ለእኔ ከሁሉ ይበልጣል፦ አስካለ ማርያም፤ የማርያም የወይን ዘለላ! ብዙውን ጊዜ የክርስትና ስም ከቤተ ክርስቲያን ደጅ አይወጣም። ራስ ተፈሪ መኮንን ግን በ1923 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭኑ የክርስትና ስማቸውን አደባባይ አወጡት፤ ዓለምም ኃይለ ሥላሴ ብሎ ጠራቸው።