«ምክንያት ያለው» እና «ምክንያተኛ»፤ ስለ አንድ የብሪታንያ ክርክር የቀረበ ትችት

«ምክንያት» የሚለው የአማርኛ ቃል የአሳብን መሠረትም ማመካኛንም ያመለክታል። «ምክንያት ፈለገ» የተባለ ሰው ማመካኛ የፈለገ ነው፤ «ምክንያተኛ» መባልም ነቀፋ ነው። ትራንስጀንደር ስለሚባሉት፥ ማለት በልደታቸው ከተመዘገበው ጾታ የተለየ ማንነት ስላላቸው ሰዎች መብት የሚነሡት አከራካሪ አስተያየቶች ምክንያታዊ ሊባሉ ይችላሉን? ለሚለው ጥያቄ ይህ ልዩነት ይጠቅመናል።

ማያ ፎርስቴተር የተባሉት ተመራማሪ የሰው ጾታ በተፈጥሮ የተወሰነና የማይለወጥ ነው ይሉ ነበር። የሥራ ውላቸው ሳይታደስ ስለ ቀረ፥ ምክንያቱ እምነቴ ነው ብለው ከሰሱ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2019 ዓ.ም. የሥራ ክርክር ችሎት እምነታቸው በዴሞክራሲያዊ ኅብረተሰብ ክብር የሚገባው አይደለም ሲል ፈረደ። በ2021 ዓ.ም. የይግባኙ ችሎት ይህን ሻረው፤ ከጥበቃ ውጭ የሚሆነው እንደ ናዚዝም ያለ፥ የሌሎችን መብት ለማጥፋት የሚነሣ እምነት ነው አለ። በ2022 ዓ.ም. ደግሞ በእምነታቸው ምክንያት አድልዎ እንደ ደረሰባቸው ተፈረደ።

የመጀመሪያው ፍርድ ጉድለቱ፥ እምነትንና ከእምነቱ ሊመጣ የሚችለውን አድራጎት በአንድ ሚዛን መመዘኑ ነው። ሆኖም ተከራካሪዎች የሚረሱትን አንድ ነገር አይቶአል፤ ይኸውም ክርክሩ ለሚመለከታቸው ሰዎች የዕለት ኑሮ መሆኑን ነው። የይግባኙ ፍርድ ሁለቱን ለየ፤ እምነቱ መጠበቁ ትራንስጀንደር የሆኑትን ለማዋከብ ፈቃድ እንደማይሰጥ ገለጠ። የ2010 ዓ.ም. የእኩልነት ሕግም እምነትንም ጾታን መለወጥንም በአንድነት ይጠብቃልና። ብዙ አንባቢዎች ግን ችሎቱ የአስተያየቱን ምክንያታዊነት የመሰከረ አድርገው ተረዱት። ይህ ስሕተት ነው፤ ችሎቱ በክርክሩ ፍሬ ነገር ከማንም ወገን እንዳልቆመ በግልጽ ተናግሮአልና።

እንግዲህ ምክንያታዊነትን የምንለካው በምን ነው? ስለ እስር ቤት፥ ስለ ስፖርት ውድድር፥ ስለ ተደበደቡ ሴቶች መጠለያ እያንዳንዱን ለይቶ፥ ማስረጃ አቅርቦ የሚጠይቅ ሰው፥ ብንቃወመውም እንኳ፥ ምክንያት አለው። ከዚህ ተነሥቶ ሁሉንም አታላዮች የሚላቸው ግን ምክንያተኛ ነው። ጥያቄውን ሳይሰማ ጥላቻ ነው የሚልም እንዲሁ ነው።

የሕዝቦችን ባህል የሚያጠና ሰው ደግሞ ተጨማሪ ግዴታ አለበት። የሕንድ ሂጅራዎች ከዛሬው ክርክር እጅግ ቀድመው የነበሩ ናቸው፤ የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2014 ዓ.ም. ሦስተኛ ጾታን ዐውቆአል። ስለዚህ ነገሩ የአውሮፓ አዲስ ፈጠራ ነው የሚለው አስተያየት ማስረጃው ፈርሶበታል። ሆኖም የሂጅራዎች መኖር የብሪታንያ ሕግ እንዴት መጻፍ እንዳለበት በራሱ አይወስንም።

ስለዚህ አከራካሪ አስተያየት ምክንያታዊ ሊባል ይችላል። ግን ይህን ስም ባለቤቱ ምክንያቱን በሚመለከታቸው ሰዎች ፊት ቆሞ ማስረዳትና መልሳቸውን መስማት ሲችል እንጂ ከፍርድ ቤት በውርስ አያገኘውም።