ባሕረ ሐሳብ በሒሳብ ክፍል፤ ስለ ቀሪ ቁጥር አቀራረብ የቀረበ ሂስ

በደቡብ ጎንደር ደጋ ጥንታዊ የትምህርት ሥርዓት ሥር የሰደደ ነው። ቤተልሔም የድጓ፣ ዙር አምባ የዝማሬና የመዋሥዕት ምስክር ቤት በመሆን ታውቀዋል። የበዓላትና የአጽዋማት ማውጫ የሆነው ባሕረ ሐሳብም በቤተ ክርስቲያን ትምህርት የራሱ ሥፍራ አለው። ስለዚህ በደብረ ታቦርና በአካባቢው የሚያስተምር የሒሳብ መምህር ምሳሌውን ከዚህ ቢቀዳ የሚደገፍ ነው። የሚነቀፈው፣ ባሕረ ሐሳብ «የቀሪ ቁጥር ሒሳብ ነው» ተብሎ በችኮላ መታለፉ ነው። አባባሉ ግማሽ እውነት ብቻ ይዟል።

በአልጀብራ አንድን ሙሉ ቁጥር ለ19 ሲካፈል ወደሚተርፈው ቀሪ የሚያደርሰው ተዛምዶ «ቀኖናዊ» ይባላል። የማንንም ምርጫ ሳይጠብቅ ከነገሩ ባሕርይ ይመነጫልና። ድምርንም ይጠብቃል፤ የድምሩ ቀሪ ከቀሪዎቹ ድምር ይገኛል።

ለምሳሌ 2017 ዓ.ም. ይወሰድ። 5500 ሲደመርበት ዓመተ ዓለሙ 7517 ይሆናል። ይህ ለ19 ሲካፈል 12 ይተርፋል፤ አንድ ስለ ዘመን ሲቀነስ ወንበሩ 11 ነው። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴ 1፣ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ 29 ይወጣል። የሁለቱ ድምር 30 መሆኑ አጋጣሚ አይደለም፤ 11 እና 19 ተደምረው 30 ስለሆኑ ነው።

እስከ ወንበር ያለው መንገድ ቀኖናዊ ነው። ከወንበር ወደ አበቅቴ የሚወስደው ግን አይደለም። ለ19 ሲካፈሉ 0 እና 19 አንድ ናቸው። ሆኖም 0 በ11 ሲባዛ 0 ሲሆን፣ 19 በ11 ተባዝቶ 209፣ በ30 ሲገደፍ 29 ይሆናል። ለአንድ ነገር ሁለት ስም ተሰጥቶ ሁለት ውጤት ተገኘ። ስለዚህ ሥርዓቱ የሚጸናው ወንበር ከ0 እስከ 18 እንዲሆን አስቀድሞ ስለተወሰነ ነው።

ይህ የሊቃውንቱ ጉድለት አይደለም። የፀሐይ ዓመት ከ12 የጨረቃ ወራት 11 ቀን ያህል ይበልጣል። በ19 ዓመት ትርፉ 209 ይደርሳል፤ ሰባት ባለ 30 ቀን ወራት ግን 210 ናቸው። የጎደለችው አንዲት ቀን ወንበር ከ18 ወደ 0 ሲመለስ ትሞላለች፤ አበቅቴ በ11 ፈንታ በ12 ይዘላል። የአውሮፓ የዘመን ቆጣሪዎችም ይህን «የጨረቃ ዝላይ» ብለውታል።

እንግዲህ ስሌቱን ብቻ ማስጠናት ምሳሌውን ማባከን ነው። መምህሩ በየደረጃው «ለዚያው ነገር ሌላ ስም ቢሰጠው ውጤቱ ይለወጣልን?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባል። ጥያቄው ለአንደኛ ደረጃም ይጠቅማል። ክፍልፋይን ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት የሚደምር ተማሪ 1/2 ን ከ1/3 ጋር ደምሮ 2/5 ያገኛል፤ 1/2 ን 2/4 ብሎ ቢጽፈው ግን 3/7 ይሆንበታል። በቀይ እስክሪብቶ ከማረም ይልቅ ሁለቱን መልሶች ጎን ለጎን ማስቀመጥ ስሕተቱ ከየት እንደ መጣ ለተማሪው ያሳየዋል።