ያዩትን ያህል መጻፍ

ከዳላስ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከላቮን ሐይቅ አጠገብ ባለችው በዋይሊም ሆነ በአቅራቢያዋ ባለችው በጋርላንድ ከሚኖሩ ወገኖቻችን መካከል ሜዲካል ኮዲንግ፣ ማለትም የሐኪምን ማስታወሻ ወደ ኮድ ቁጥር የመለወጥ ሙያ፣ ተምረው ከቤታቸው ሆነው የሚሠሩ አሉ። ሙያው ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ የሚወራው ስለ ፈተናውና ስለ ደመወዙ ነው። ስለ ጥበቡ ግን እምብዛም አይወራም። ጥበቡን ለማየት ከኮድ መጽሐፉ አንዲት ጠባብ ጥግ ትበቃለች፤ ኪው 31፣ አብረው የሚወለዱ የማንቁርት እክሎች የሰፈሩባት።

አሜሪካ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1 ቀን 2015 አይሲዲ-10-ሲኤም የተባለውን የዛሬውን የኮድ መጽሐፍ ሥራ ላይ ከማዋሏ በፊት ከእነዚህ እክሎች መካከል የራሱ ቁጥር የነበረው አንዱ ብቻ ነበር፤ በማንቁርት ውስጥ ተጋርዶ የሚገኘው ስስ ሽፋን፣ 748.2። የቀረው የማንቁርት፣ የትራኪያና የብሮንከስ እክል ሁሉ 748.3 በሚል አንድ ቁጥር ታጉሮ ይኖር ነበር። አዲሱ መጽሐፍ ለያያቸው። ሽፋኑ 31.0 ሆነ፤ ከድምፅ አውታሮች በታች ያለው ጥበት 31.1፣ በሚገባ ሳያድግ የቀረ ማንቁርት 31.2፣ አየር የቋጠረው ከረጢት ላሪንጎሲል 31.3፣ የማንቁርት መላላት ማለትም ላሪንጎማሌሺያ 31.5። 31.4 የለም። ያ ቁጥር በዓለም ጤና ድርጅት የቀድሞ እትም ስትራይደርን፣ ጨቅላው ሲተነፍስ የሚሰማውን የሚያፏጭ ድምፅ፣ ይዞ ነበር። ስትራይደር ግን ድምፅ ነው እንጂ ድምፁን የሚፈጥረው እክል አይደለም። ስለዚህ ከእክሎቹ ተርታ ወጥቶ ወደ ፒ 28 ሄደ። ምልክትን ከምክንያት የለየ ሰው እጅ በዚያ ባዶ ቦታ ላይ ይታየኛል፤ ሳየው ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።

ኮደሩ የሚሠራበትን ጥሬ ዕቃ የሚሰጠው ሐኪሙ ነው። እናት «ልጄ ሲተነፍስ ያፏጫል» ትላለች። ጎበዝ ሐኪም ይህን ብቻ ጽፎ አያልፍም። ድምፁ የሚሰማው አየር ሲያስገባ ነው ወይስ ሲያስወጣ? በጀርባው ሲተኛ ይብስበታል? ሲጠባ ያቋርጣል? ክብደቱስ ይጨምራል? ቀጥሎ ሕፃኑ እንደነቃ ቀጭን ካሜራ በአፍንጫው ያስገባል፤ የላላ ማንቁርት ጠባዩን የሚያሳየው ሲተነፍሱበት ነውና። ከዚያም ያየውን ይጽፋል፦ ኤፒግሎቲስ የሚባለው ክዳን በሁለት ጎን መታጠፉን፣ ከክዳኑ ወደ ኋላ የሚሄዱት እጥፋቶች ማጠራቸውን፣ አየር በተሳበ ቁጥር ከበላይ ያለው ሥጋ ወደ መተንፈሻው መውደቁን። እንዲህ ያለ ማስታወሻ ያነበበ ሌላ ሐኪም ካሜራውን ራሱ የያዘ ያህል ያያል።

ኮደሩ ደግሞ ከተጻፈው አንዲት ስንዝር አያልፍም። ተመላላሽ ታካሚን ያየ ሐኪም «ምናልባት ላሪንጎማሌሺያ» ብሎ ከጻፈ 31.5 አይሰጥም፤ የሚሰጠው የምልክቱ ኮድ ነው። ያው «ምናልባት» ተኝቶ የታከመ ሕፃን ከሆስፒታል ሲወጣ በመጨረሻው ማጠቃለያ ላይ ከሰፈረ ግን ደንቡ እንደ ተረጋገጠ በሽታ ይቆጥረዋል። ቃሉ አንድ ነው፤ ቦታው ኮዱን ይለውጠዋል። ኮደሩ ቃሉን ብቻ ሳይሆን የተጻፈበትን ወረቀትም ማንበብ አለበት።

ከሁሉ የሚበልጠው ሥራ በጥበቱ ላይ ነው። ከድምፅ አውታሮች በታች ጠብቦ የተወለደ ሕፃን አለ፤ ለምሳሌ ክሪኮይድ የሚባለው የልም አጥንት ቀለበት ቅርፁ ተበላሽቶ። ያለ ጊዜው ተወልዶ ለሳምንታት የመተንፈሻ ቱቦ ገብቶለት፣ ቱቦው የጫነው ስፍራ ቆስሎና ጠባሳ አብጅቶ የጠበበበትም አለ። ሁለቱም ያፏጫሉ፣ ሁለቱም ይታፈናሉ። የፊተኛው ኪው 31.1 ነው፤ የኋለኛው ጄ 95.5፣ ከሕክምና በኋላ የመጣ። ሐኪሙ መነሻውን ሳይገልጽ «ሰብግሎቲክ ስቴኖሲስ» ብቻ ካለ ማውጫው ወደ ሦስተኛ ቁጥር ይመራል፤ ጄ 38.6። ኮደሩ «ሕፃን ስለሆነ አብሮት የተወለደ ነው» ብሎ መገመት አይፈቀድለትም። ሐኪሙን ይጠይቃል፤ መልሱን ግን በጥያቄው ውስጥ አያጎርሰውም። «ይህ አብሮ የተወለደ ነው አይደል?» ማለት ክልክል ነው። «የጥበቱን መነሻ ቢገልጹልን» ይላል። ሐኪሙ አስቀድሞ «ከዚህ በፊት ቱቦ ገብቶለት አያውቅም» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ጨምሮ ቢሆን ኖሮ አንባቢው ሁሉ የጥበቱን ታሪክ በያዘ ነበር። የሁለት ባለሙያዎች ትሕትና የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው፤ አንዱ ያየውን አያስቀርም፣ ሌላው ያላየውን አይጨምርም።

ኮዱ የማይሸከመው ነገርም አለ። 31.1 ጥበቱ ምን ያህል እንደሆነ አይናገርም። ያንን የሚናገረው እ.ኤ.አ. በ1994 ማየር፣ ኦኮነርና ኮተን ያወጡት መለኪያ ነው። ሐኪሙ በየልኩ ቱቦ እየሞከረ የትኛው እንደሚያልፍና በዙሪያው አየር እንደሚያሾልክ ያያል፤ እስከ 50 በመቶ የተዘጋ አንደኛ ደረጃ፣ ከ51 እስከ 70 ሁለተኛ፣ ከ71 እስከ 99 ሦስተኛ፣ ቀዳዳ የሌለው አራተኛ። ጊዜውን ጠብቆ በተወለደ ሕፃን ከድምፅ አውታሮች በታች ያለው ቀዳዳ ስፋቱ ከ4 ሚሊሜትር ካነሰ ጠባብ ይባላል። በዚህ ልክ ለሚሠራ ሰው «ትንሽ ጠቧል» የሚል ማስታወሻ ምንም አልነገረውም።

ይህ ጥንቃቄ ኮዱ ከሚያገለግልለት ከኢንሹራንስ ክፍያ አልፎ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1991 በቴክሳስ ደቡብ ጫፍ፣ በብራውንስቪል፣ የጭንቅላታቸው ክፍል ሳይሟላ የተወለዱ ሕፃናት በአጭር ጊዜ ውስጥ ከተለመደው በዝተው ታዩ። በ1993 የግዛቱ ሕግ አውጪዎች አብረው የሚወለዱ እክሎች የሚመዘገቡበትን ሥርዓት ደነገጉ፤ ከ1999 ጀምሮ ዋይሊ ያለችበትን ኮሊን ካውንቲን ጨምሮ መላውን ግዛት ይሸፍናል። የመዝገቡ ሠራተኞች ሪፖርት እስኪመጣላቸው ቁጭ ብለው አይጠብቁም፤ ራሳቸው የሆስፒታል ቻርቶችን ይመረምራሉ። ነገር ግን ሐኪሙ ያልጻፈውን እነሱም ሊያገኙት አይችሉም።

የኪው ኮድ እክሉ እስካለ ድረስ ልጁን ዕድሜ ልኩን ሊከተለው ይችላል። በቀዶ ሕክምና ከተስተካከለ ግን ቦታውን ዜድ 87.75 ይወስዳል፤ ነበረ፣ ተስተካክሏል ይላል። ከዓመታት በኋላ ለሌላ ሕመም ማደንዘዣ የሚሰጠው ባለሙያ ይህን ሲያይ ቱቦ ከማዘጋጀቱ በፊት ይጠይቃል። ምን ልክ ቱቦ እንዳለፈ የሚነግረው ግን የቀዶ ሐኪሙ ማስታወሻ ነው። ስለዚህ ከዋይሊ ወደ ሌላ ግዛት የሚዛወር፣ እንዲህ ያለ ልጅ ያለው ቤተሰብ የዚያን ማስታወሻ ቅጂ ጠይቆ ይያዝ። በትክክል ለጻፈው ሐኪም፣ ሳይገምት ላነበበው ኮደርም ከዚህ የሚበልጥ ምስጋና የለም።