የአንዲት ልጅ ጆሮና የሁለት ወንድማማቾች ክርክር

ጆሽ አሮንሰን ያዘጋጀው «ሳውንድ ኤንድ ፊዩሪ» የተባለው ዘጋቢ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2000 ወጥቶ ለኦስካር ሽልማት ታጭቶ ነበር። ታሪኩ በኒው ዮርክ፣ ሎንግ አይላንድ የሚኖሩ የሁለት ወንድማማቾች ነው። አንደኛው መስማት የተሳነው ነው፤ ባለቤቱም እንዲሁ። ሌላው ይሰማል፤ ከመንትያ ልጆቹ አንዱ ግን መስማት የተሳነው ሆኖ ተወለደ። የሚሰማው ወንድም ለሕፃኑ ኮክሌር ኢምፕላንት ያስደርግለታል፤ ሌላው ግን አምስት ዓመት ገደማ የሆናት ልጁ ራሷ ብትጠይቅም ይከለክላታል፤ ቤተሰቡንም ይዞ ወደ ሜሪላንድ ይሄዳል።

መሣሪያው የተጎዳ ጆሮ አይፈውስም። ከውጭ የሚደረገው ክፍል ድምፅን ተቀብሎ ይለውጣል፤ በቀዶ ጥገና የገባው ክፍል ደግሞ የመስማት ነርቭን በኤሌክትሪክ ይቀሰቅሳል። ያን ምልክት እንደ ቃል መረዳት በሕፃንነት ሲጀመር የሚቀል፣ የዓመታት ትምህርት ነው። ጭንቁም ከዚህ ይመነጫል፤ ልጁ ራሱ እስኪወስን ቢጠበቅ ጊዜው ያልፋል፤ ባይጠበቅ ውሳኔው የሌላ ሰው ነው።

ከፊልሙ ሁሉ የሚልቀው የልጅቱን እናት የሚመለከተው ክፍል ነው። እናቲቱ ለራሷም ጭምር ለማስደረግ አስባ ትጠይቃለች፤ ከልደቷ ጀምሮ የማትሰማ ዐዋቂ በመሆኗ ጥቅሙ አነስተኛ እንደሚሆን ስትረዳ ሐሳቧን ትለውጣለች። እምቢታዋ ለልጅቱ ከማሰብ ነው ወይስ ልጅቱ ርቃት እንዳትሄድ ከመስጋት? ፊልሙ አይፈርድም፤ ባለመፍረዱም ደግ አድርጓል።

ጉድለቱ ግን ለመምህር ዐይን አይሰወርም። ክርክሩ ስለ ማንነት ሲጋጋል ቋንቋ ወደ ዳር ተገፋ። የምልክት ቋንቋና መሣሪያው በአንድ ጣሪያ ሥር እንደማይኖሩ ጣውንቶች ሆነው ቀረቡ። ንግግሩ እስኪጎለብት ድረስ ልጁ በምን ይጠይቃል፣ በምንስ ያስባል? ይህ በበቂ አልተነሣም። የወላጆቹ ጥርጣሬ ሥርም እንዲሁ ታልፏል። እ.ኤ.አ. በ1880 በሚላኖ የተሰበሰቡ መምህራን የምልክት ቋንቋ ከክፍል እንዲወጣ መወሰናቸውን ተመልካቹ ቢያውቅ የአባትየው ቁጣ ግትርነት ብቻ አይመስለውም ነበር። (ውሳኔው የሐኪም ሳይሆን የመምህር እንደ ነበረ ልብ ይሏል።)

እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው ተከታይ ፊልም ልጅቱ በዘጠኝ ዓመቷ መሣሪያው እንደ ተገጠመላት ይታያል፤ ለእናቷም እንዲሁ። ልጅቱ ትናገራለች፤ ከአባቷ ጋር ግን ዛሬም በእጆቿ ታወራለች።